ማን ይንገርሽ?

ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የቁልፍ መዝገብ ሊሆን ነበር የታተመው። መስመሩ ተዛንፎ ስለመጣ ንብረት ክፍሎች አንቀበልም አሉ፤ እኔ ደግሞ ወረቀት ሲጣል ማየት አልወድም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ሆኗል። «ክፍል ቁጥር» በሚለው ስር ቀኑን እጽፋለሁ፤ «ቁልፍ የተረከበው ሰው ፊርማ» በሚለው ስር ደግሞ በሆዴ ያለውን።

ዛሬ ተሾምኩ። አድሚን ይሉታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሴቶች ማደሪያ ፕሮክተር ሆኜ ስሠራ ማንም ለሌላ ሥራ አላጨኝም ነበር፤ የሾመችኝ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ናዲያ ትባላለች። ሱዳናዊት ናት፣ የወድ መደኒ ልጅ፣ የአራተኛ ዓመት የሆርቲካልቸር ተማሪ፣ ክፍል 214። ሰኔ 10 የመውጫ ፈተና ስላለባት፣ ቴሌግራም ላይ ያቋቋመችውን የውጭ አገር ተማሪዎች ግሩፕ የሚጠብቅላት ሰው ፈልጋ ወደ እኔ መጣች።

«እኔ እኮ ስልክ የያዝኩት ለመደወል ነው» አልኳት።

«እትዬ መዓዛ፣ አንቺ የሰባ ሁለት ክፍል ቁልፍ በጭንቅላትሽ ትይዣለሽ። ይኼ ስልሳ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

በዚህ አማርኛ! ስትመጣ ውሃ ብሎ መጠየቅ እንኳ አታውቅም ነበር።

ግሩፑ «ሐዋሳ ቤታችን» ይባላል። አንደኛ ዓመት እያለች ከአምስት ልጆች ጋር ጀመረችው፤ አሁን ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከሩዋንዳ የመጡ አሉበት፤ ጥቂት የእኛም ልጆች። ሕጉ ሦስት ነው። መንገድ የጠፋበት ሰው «ጠፋሁ» ብሎ የቆመበትን ቦታ ፎቶ ይልካል፤ ለቦታው የቀረበ ሰው ሄዶ ያመጣዋል። ሁለተኛው፣ ሁሉም ሰው ጠዋት ሲነሣ የዓሣ ምልክት ይልካል፤ «ዓሣ መጣል» ይሉታል። እስከ ስድስት ሰዓት ዓሣ ያልጣለ ሰው በሩ ይንኳኳል። ሦስተኛው፣ በተሰባበረ አማርኛ አይሳቅም።

ሦስተኛውን ያወጣችው በእኔ ምክንያት እንደሆነ የማደሪያ ክፍሏ ልጅ ጫልቱ ነገረችኝ። ናዲያ ገና እንደመጣች የቢሮዬ በር ላይ ቆማ የሆነ ነገር ስትለኝ ስቄባት ነበር አሉ። አላስታውስም።

(አስታውሳለሁ።)

ይህን ፈተና ናዲያ የምትፈተነው አንዴ ነው። የነፃ ትምህርት ዕድሏ ሐምሌ ላይ ያበቃል፤ የመኖሪያ ፈቃዷም አብሮት። ካለፈች ሥራ ሊሰጣት ቃል የገባ የችግኝ ጣቢያ አለ። ከወደቀች የምትመለስበት ቤት የለም። ጦርነቱ ከተማቸው ሲገባ እናቷ ወደ ፖርት ሱዳን ሸሹ፤ መምህሩ አባቷ ግን «ሎሚዎቼን ጥዬ የት እሄዳለሁ» ብለው ቀሩ። ቴሌግራሟ ላይ ያለው ፎቶ ከእሳቸው ጋር ሎሚ ዛፍ ስር የተነሣችው ነው። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቃሉ።

ስድብ ከመጣ እንዴት እንደሚጠፋ አሳየችኝ። ጣትን ጫን፣ ከዚያ ቅርጫቷን ነካ። ይህች ቀላል ናት።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

የመጀመሪያው «ጠፋሁ» መጣ። አዲሷ የሶማሊያ ልጅ መናኸሪያ ወርዳ የት እንዳለች አታውቅም። የላከችው ፎቶ ግማሽ ባጃጅና የአንድ ሰውዬ ጀርባ ነው። እኔ «ኧረ የት ነው ይኼ?» እያልኩ መነጽሬን ስፈልግ፣ ደቡብ ሱዳናዊው ዴንግ «ከኋላ ያለውን ሰማያዊ በር አውቀዋለሁ፤ ሄድኩ» ብሎ ጻፈ። በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ አብረው ተነሥተው ፎቶ ላኩ። እሱ በጣም ረጅም ስለሆነ ከአንገቱ በላይ የለም።

አለቃዬ አቶ ማርቆስ በቢሮዬ በር ሲያልፉ አዩኝ። «እህት መዓዛ፣ አንቺንም ስልክ ወሰደሽ? ልጆቹን ያበላሸው እኮ እሱ ነው» አሉ። የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ንግግር እኔ ነበርኩ የማደርገው፤ እንዲያውም ከእሳቸው አስረዝሜ።

ግንቦት 13

አንዲት የሩዋንዳ ልጅ ዓሣ አልጣለችም። ስድስት ከሩብ ላይ ወጥቼ በሯን አንኳኳሁ። መልስ የለም። በትርፍ ቁልፍ ስከፍት ልጅቱ በትኩሳት እየነደደች ነው፤ ወባ ነበር። ከጫልቱ ጋር ደግፈን ክሊኒክ አደረስናት። ዶክተሩ «በጊዜ አመጣችኋት» አለ። በጊዜ ያመጣናት እኛ ሳንሆን ዓሣው ነው።

ማታ ናዲያን «ይህን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። አንደኛ ዓመት እያለች ሦስት ቀን ታማ ተኝታ ማንም እንዳልመጣ ነገረችኝ። በሦስተኛው ቀን ከመስኮት የሐይቁን ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች ሲያልፉ ሰማች፤ የሰማችው የሰው ድምፅ እሱ ብቻ ነበር። ያ ክፍል የእኔ ፎቅ ላይ ነው። ስለዚያ አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። እንዴት ያለች ልጅ ናት! እኔ ብሆን በልቤ አስቀምጬው ዕድሜ ልኬን እይዘው ነበር።

«አንቺም ዓሣ ጣይ እንጂ፤ ታቦር ሰፈር ብቻሽን አይደል የምትኖሪው?» አለችኝ።

«እኔ የአገሬ ሰው ነኝ፤ የት እጠፋለሁ ብለሽ» አልኳት።

በቀለ ዛሬም ደውሎ ነበር፣ ወንድሜ፣ ከዲላ። ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ አላነሳሁም። ስብሰባ እንኳ አልነበረም።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ዛሬ ጽሑፌ መስመር አይይዝም፤ መስመሩ ተዛንፎ መታተሙ ጠቀመኝ።

ከሰዓት በኋላ ካይሮ ያለች የናዲያ የአጎት ልጅ ለእኔ ለብቻዬ ጻፈችልኝ። አባቷ ሞተዋል። ስኳር ነበረባቸው፤ መድኃኒቱ ካለቀ ሰንብቷል። ከሎሚዎቻቸው ጎን ተቀበሩ። «እናቷ በስልክ እንዳትሰማ ብላለች። አጠገቧ ያለች ትልቅ ሴት ትንገራት። ናዲያ ስለ አንቺ ሁልጊዜ ታወራልናለች፤ አንቺ ንገሪያት።»

ስለ እኔ ምን ብላ ይሆን የምታወራው?

ይህን ሦስቴ ሳነብ ግሩፑ ላይ መልእክት ገባ። ዴንግ ነው። ፌስቡክ ላይ አይቶ ኖሮ «ስለ ናዲያ አባት የሰማ አለ? እውነት ነው?» ብሎ ጽፏል። ጫን፣ ቅርጫት። ጠፋ። ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማን ያየዋል፤ ልጅቱ ላይብረሪ ናት፣ አፍንጫዋ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ግንቦት 23

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት አቶ ማርቆስ ዘንድ ሄድኩ። እንዲህ ባለው ነገር እሳቸውን የሚያህል የለም፤ በዚህ ከተማ ስንት ቤት መርዶ ይዘው ገብተዋል።

«ፈተናው መቼ ነው?» አሉ።

«ሰኔ 10።»

«እንግዲያ ሰኔ 11 ንጋት ላይ እንነግራታለን። እህት መዓዛ፣ መርዶ እንደ ደብዳቤ በደረሰበት ሰዓት አይሰጥም። ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ተዘጋጅቶ ነው። ዛሬ ብትሰማ ትወድቃለች፤ ከወደቀች ደግሞ አባቷንም አገሯንም ሕይወቷንም አንድ ላይ ታጣለች።»

ልክ ናቸው። ግን የእኔን ነገር አያውቁም።

እኔም ተማሪ ሆኜ ጅማ ሳለሁ አባቴ ሞተ። በቀለ ለክፍል ጓደኞቼ ነግሮ ሞቱን አስደበቀብኝ። አሥራ አንድ ቀን። በአራተኛው ቀን የአንዲት ልጅ ልደት ነበርና ጨፈርኩ፤ ፎቶው አለ፤ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። አባቴ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ። ፈተናዬን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። በቀለን ግን እስከ ዛሬ ይቅር ብዬ አላለፍኩትም። ያኔ የደረሰብኝን በማንም ላይ አላደርግም ብዬ ምዬ ነበር።

«እሺ» ብዬ ወጣሁ።

እስከ ፈተናው እንዳይነግሯት ለስልሳውም ልጅ ለእያንዳንዱ ለብቻው ጻፍኩ። ከዚያ ጫልቱ ናዲያ የሌለችበት ሌላ ግሩፕ ከፈተች። ስሙን «ዝም» አለችው።

ናዲያ ዛሬ ዓሣዋን የጣለችው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ እሷ ለጥናት ተነሥታለች። ጎበዝ።

ግንቦት 25

ሩጫ።

የናዲያ ዓይን ቀልቷል። ስክሪን ላይ ስታፈጥ ውላ ነው።

የቴሌግራም ፎቶዋን አንሥታ ባዶ ነጭ አድርጋዋለች። ጫልቱ «ሐሳቧ እንዳይበተን ነው» አለች። ጠይቃት ነው ወይስ ገምታ? አልጠየቅኩም።

ከ214 አጠገብ ያለው ገላ መታጠቢያ ሌሊት ሌሊት ቧንቧው ይከፈታል፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም በላይ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ! «ውሃ አታባክኑ፤ ፕሮክተር» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት።

ግንቦት 27

ስለ «ዝም» ልጻፍ። ባላየው አላምንም ነበር።

ዴንግ የፈጸመው ስህተት ስለሚያንገበግበው በየቀኑ ለናዲያ የላይብረሪ ቦታ በንጋት ሄዶ ይይዛል። የሶማሊያዋ ልጅ ልብሷን ወስዳ ታጥባለች፤ ናዲያ «ለምን?» ስትላት «ልምምድ ነው» አለቻት። የምን ልምምድ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። የሩዋንዳዋ ልጅ ገና ከወባዋ በደንብ ሳታገግም የአራት ዓመት ጥያቄዎችን ሰብስባ በስልክ ትጠይቃታለች። ሆርቲካልቸር የማያውቁት ሁሉ ስለ አፈርና ስለ ችግኝ እያነበቡ ነው። በፊት እርስ በርስ ሰላም የማይባባሉ ሁለት ልጆች ተራ ገብተው እራት ያመጡላታል። አንድ ቀን ሁለቱም ተሳስተው አመጡ፤ በሯ ላይ ተፋጥጠው ቆሙና ሁለቱንም አበሏት።

እነዚህ ልጆች እኮ ሁሉም የራሳቸው ቤት የሚነድባቸው ናቸው። ስልካቸውን ሲያዩ ከአገር ምን እሰማ ይሆን ብለው የሚሳቀቁ ናቸው። እኔ ስልክ ላይ ሲያፈጡ ሳይ ሥራ ፈቶች ይመስሉኝ ነበር። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ማታ ናዲያ ቁልፍ ልትመልስ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፈች። «እትዬ፣ ሰሞኑን ሰው ሁሉ ለምን ደግ ሆነብኝ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እጇን አነሣች። «አትንገሪኝ። ከፈተና በኋላ።» ብላ ሄደች።

ቀልዷን ነው። ፈተና ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

ግንቦት 29፣ ዓርብ፣ አረፋ

ሌላ ዓመት በአረፋ ዋዜማ ናዲያ የፎቁን ልጅ ሁሉ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳትል፣ ሂና ትቀባለች። አምና የእኔንም እጅ ቀብታኝ ቤተ ክርስቲያን ስገባ አቶ ማርቆስ ዐይተው ሳቃቸው አምልጧቸዋል። ዘንድሮ ማንንም አልቀባችም። ነጭ ሻሽ አስራ ሰግዳ መጣች። ያልቀባችው ጊዜ ስለሌላት ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ስልኩ ነበር። በዓል ነው፤ አባቷ ጋር ልደውል ማለቷ አይቀርም። ጫልቱን «አጠገቧ ሁኚ፤ ኔትወርክ የለም በያት» ብዬ አዘዝኳት። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ስልክ አላነሣችም። ማታ ለእናቷ ብቻ ደወለች፤ በዓረብኛ ጥቂት ተነጋገሩ፤ ጫልቱ እንዳለችው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ዝም ብለው ነበር። መስመሩ እየተቆረጠ ነው። እኔ እንኳን ተቆረጠ አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በሰው ጦርነት እንኳን አልኩ።

ሰኔ 3

የካይሮዋ ልጅ ጻፈች፤ «ነገርሻት?»

አልመለስኩላትም። አንብቤ እንደሆነ ደግሞ ታያለች፤ መልእክቱ ጥግ ላይ የሚወጣው ይኼ ሁለት ጭረት ያጋልጣል።

ከሰዓት ናዲያን ደረጃው ላይ ብቻዋን አገኘኋት። ዝናብ መጥቶ ስለነበር ሁለታችንም ጣሪያው ስር ቆምን። አሁን ነው አልኩ። «ናዲያ» አልኩ። «አቤት» አለች፣ ዞራ በደንብ አየችኝ፣ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር።

«ጃንጥላ ያዥ እንጂ» አልኳት።

«እሺ እትዬ» አለች። ጉንጬን ሳመችኝ። ለጃንጥላ!

እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድሜን ስከስ ኖሬ እሱ ያደረገውን ቃል በቃል እያደረግኩ ነው። ልዩነቱ እሱ ለአሥራ አንድ ቀን ነበር፤ እኔ እሱን አልፌ ልሄድ ነው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ፈተና።

ጠዋት ዝናብ። ዴንግ በትልቁ ጃንጥላው ከለላት።

ኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ሃያ ያህል ሆነን ቆምን። ጥበቃው «የምን ሰልፍ ነው?» አለ።

ወጣች። «ሁሉንም ሠርቻለሁ» አለች። ተቃቀፍን። እጇ በጣም ይቀዘቅዛል።

ለነገ ተዘጋጅተናል። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ምድር ቤት ቴሌቪዥን ክፍል። አቶ ማርቆስ፣ ከመስጊዱ የመጡ ሼህ፣ እኔ፣ ጫልቱ። ሌሎቹ ግቢ ይጠብቃሉ።

ማታ ናዲያ የቴሌቪዥን ክፍሉን ቁልፍ ፈርማ ወሰደች። ጠዋት ቀድሜ ትርፉን ይዤ እከፍታለሁ። ፊልም ልታይ ይሆናል፤ ይገባታል።

ሰኔ 11

እንደሆነው ልጻፈው።

ሰማዩ ገና አልጠራም ነበር። ነጠላዬን ለሐዘን ዘቅዝቄ ለብሻለሁ። ግቢው ውስጥ አርባ የሚያህሉ ልጆች ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ቆመዋል። ወንበር ለማስተካከል አስቀድመን ወደ ቴሌቪዥን ክፍሉ ሄድን፤ እሷ ለንጋት ሶላት ወጥታ ስለነበር፣ ስትመለስ ጫልቱ ልታመጣት ነበር። ቁልፉን ሳስገባ በሩ ክፍት ነው።

ናዲያ ውስጥ ናት። ወንበሮቹን በግድግዳው ዙሪያ ደርድራለች፣ መሐል ላይ ምንጣፍ አንጥፋለች፣ ጠረጴዛ ላይ ውሃና ብርጭቆ አስቀምጣለች። እንደ አገሯ ሐዘንተኛ ነጭ ለብሳለች። ለሐዘንተኛ የሚደረገውን ሁሉ ለራሷ አድርጋ ጨርሳለች።

«ግቡ» አለች። «ወንበሩ ይበቃል?»

አቶ ማርቆስ በዚያ ሁሉ ዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም።

«ታውቂያለሽ» አልኩ።

«አይቻለሁ፣ እትዬ። ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።» ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ንገሪኝ።»

ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። «አባትሽ አርፈዋል፣ ልጄ» አልኳት።

ያን ጊዜ አለቀሰች። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሃያ ቀን የት አስቀምጣው እንደነበር እንጃ። ድምፁ ውጭ ደረሰና ግቢው ውስጥ ያሉት ልጆች አንድ ላይ ለቅሶ አነሡ፤ በዓረብኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም። እኔ ደግሞ ስለ ራሴ አባት ጭምር አለቀስኩ፤ አሁን ደብተር ላይ ስለሆንኩ አልደብቅም።

ሰኔ 14

ሦስት ቀን ተቀመጥን። የቤተ ክርስቲያናችን የፕላስቲክ ወንበር፣ የመስጊዱ ምንጣፍ። አቶ ማርቆስ ካይሮ ያሉት ዘመዶቿ በቪዲዮ ሲያለቅሱ ስልኩን ራሳቸው ይዘው ከሐዘንተኛ ወደ ሐዘንተኛ እያዞሩ አሳዩ። እጃቸው ሲደክም በግራ ቀየሩ። ስልክ ልጆቹን አበላሸ የሚለውን ዳግም አላነሡትም።

ዛሬ ሰው ቀለል ሲል ከናዲያ ጋር ብቻችንን ሆንን።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«እናንተ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች፤ ፈገግ ብላ ነው።

የዴንግ መልእክት ስልኳ ላይ ብቅ ሲል ላይብረሪ ውስጥ አይታዋለች። ልትመልስለት ስትከፍት የለም። «ለምን እንደጠፋ ማሰብ አንድ ሌሊት ወሰደብኝ። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጫልቱ ሳትጠይቀኝ አልጋዬን አነጠፈችልኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ስልሳ ሰው ለእኔ እየደከመ ነው። አውቃለሁ ብል ያ ሁሉ ይፈርሳል፤ እኔም እፈርሳለሁ። ስለዚህ እንደማላውቅ ሆንኩ።»

ከዚያ «ማልቀሻ ቦታ ግን አልነበረኝም። ቧንቧውን ከፍቼ ነበር የማለቅሰው። እዚያም አንቺ ወረቀት ለጠፍሽ» አለች። ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሄጄ ወረቀቱን ቀዳድጄ ጣልኩት፤ ወረቀት ሲጣል የማልወደው እኔ።

ስመለስ የራሴን ታሪክ ነገርኳት። ጅማን፣ አሥራ አንዱን ቀን፣ ፎቶውን። ሰምታ ስትጨርስ የጠየቀችኝ ነገር እስከ አሁን አልለቀቀኝም።

«በእነዚያ ቀኖች ወንድምሽ የት ነበር?»

የት እንደነበር አውቃለሁ። ሁልጊዜም አውቅ ነበር። አባታችንን በቀበረ ማግስት ጅማ መጥቶ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት አንድ አልጋ ቤት ተከራይቶ ተቀምጧል። ከሌላ ሰው ብሰማ ሊደርስልኝ ብሎ፣ አሥር ቀን፣ ሐዘንተኛ ሆኖ፣ ብቻውን። አንድም ሰው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ያላለው። እሱ ግን ማልቀሻ ነበረው ወይ? ይህን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴም አልጠየቅኩትም።

ሰኔ 20

ናዲያ አለፈች! ሰባ አንድ! ግሩፑ በዓሣ ተጥለቀለቀ፤ ከሐይቁ የቀረ ያለ አይመስለኝም። አቶ ማርቆስ ቴሌግራም ከፍተው ገብተዋል፤ ስድስት ዓሣ በተከታታይ ላኩ፤ ማቆም ስላልቻሉ ይመስለኛል። የችግኝ ጣቢያው ከሐምሌ ጀምሮ ነይ ብሏታል። የመጀመሪያ ሥራዬ ሎሚ ይሆናል ትላለች።

እንደ ትልቅ ሰው የምታስብ ልጅ ናት። ማታ ግሩፑ ላይ አራተኛ ሕግ አወጣች፤ የጻፈችውን እንዳለ ልገልብጠው።

«ጓደኞቼ፣ በደበቃችሁኝ አልተቀየምኩም። ያን ያህል ተወድጄ አላውቅም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ግሩፑ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ቀድሞ ይጠየቅ። ክፉ ወሬ ቢመጣ ማን ይንገርህ? ማን ይንገርሽ? ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ? እንዳሻችሁ ጻፉ። እኛም እንደዚያው እናደርጋለን።»

መልሶቹ እየመጡ ነው። ዴንግ «ወዲያው፤ ከቤት ውጭ፤ መዓዛ ትንገረኝ» ብሏል። የሶማሊያዋ ልጅ «ናዲያ። ከምግብ በኋላ» ብላለች። ጫልቱ «ማንም፣ ግን አብራችሁ ኑ» አለች። ዘጠኙ የእኔን ስም ጽፈዋል። ዘጠኝ ልጅ! ስማቸውን ከክፍል ቁጥራቸው ጋር እዚህ ገጽ ጥግ ላይ ያዝኩ።

ከዚያ ናዲያ ለብቻዬ ጻፈችልኝ። «አድሚንም ትጠየቃለች። እትዬ፣ ማን ይንገርሽ?»

ሰኔ 22፣ እሑድ

ሁለት ቀን ሳልመልስ ቆየሁ።

ዛሬ ጠዋት በሕይወቴ የመጀመሪያዋን ዓሣ ጣልኩ። ከዚያ ለናዲያ ጻፍኩላት፤ «ወንድሜ በቀለ። እሱ በፈለገው ሰዓት።»

«ስልክ ቁጥሩን ላኪልኝ እንግዲህ፤ ይያዛል። ከመላክሽ በፊት ግን አስፈቅጂው፤ ሕግ ነው» አለች። ይህች ልጅ መቼ እንዲህ ያለ ሕግ እንዳወጣች አላውቅም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታቦር ሽቅብ እየወጣሁ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ፣ ልቤ ሳይለወጥ ደወልኩ። እኔ ደውዬለት አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚደውለው እሱ ነው። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው።

«መዓዛ! ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም፣ ወንድምጋሼ» አልኩት።